ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት

ትናንት አንድ ጎረምሳ ጓንት አጥልቆ የማሠለጥንበት ጂም ገባ። መዳፉ እንዳይሻክርበት ነው አሉ! ልስቅበት አፌን ከፈት ሳደርግ የራሴን መዳፍ ለበለበኝ። ሳቁም ጠፋብኝ።

ስማኝማ። ያኔ ሸዋ ሮቢትን ባጃጅ ገና አልወረራትም፤ ጂም የሚባል ነገርም የለም። በወተት ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተን፣ ሁለቱን በውሃ ቧንቧ አጋጥመን፣ ኳስ ሜዳው ጥግ ግራር ሥር ብረት ነው ብለን እናነሳ ነበር። አሰልጣኛችን መንግሥት ሲለወጥ ከተበተነው ጦር የመጣ፣ ደረቱ በር የሚያህል ሰውዬ ነው። ያኔ ጋሼ፣ አንቱ እንለው ነበር። ዛሬስ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎኛል።

ጓደኛዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቀወት ገበሬ ልጅ ነው፤ ከሁላችንም ብርቱው እሱ። አባቱ ቁርጡን ነግረውታል፤ ደብረ ብርሃን ለዞን ውድድር ሄዶ ካሸነፈ ከተማ ተቀምጦ ይማራል፣ ካልሆነ ግን ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ይመለሳል። የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በምርጫው ቀን አሰልጣኙ ብረቱን ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ ላይ ፀሐይ አስመታው። የቆላን ፀሐይ ታውቀዋለህ። በቀትር ሰበሰበንና "ጨርቅ የያዘ ዞር ይበል!" አለ። መጀመሪያ እኔ ያዝኩ። "ወይኔ እናቴ!" ብዬ ለቀቅኩት። "ሂድ፣ እናትህ ቅቤ ትቀባህ!" አለኝ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

ጓደኛዬ ግን ከጭንቅላቱ በላይ አነሳው። አሰልጣኙ ጥላው ሥር ተቀምጦ ማንጎ መላጥ ጀመረ። ልጁ ክንዱ ሲንቀጠቀጥ፣ እንባና ላቡ ተደባልቆ ሲወርድ፣ ያ ሰውዬ ጭማቂው በአገጩ እየተንጠባጠበ "ቆይ፣ አልጨረስኩም" ይለዋል። ፍሬውን ግጦ ግጦ ወረወረና "አውርድ" አለው። ሲያወርደው የመዳፉ ቆዳ ተልጦ ቧንቧው ላይ ቀረ።

"ይሄ ነው ወንድ! አንተ ትሄዳለህ!"

አጨበጨብን። ጓደኛዬ ደሙን ሱሪው ላይ እየጠረገ ሳቀ። እኔ ደግሞ ቅናት አንገበገበኝ፤ እግዜር ያሳይህ!

የጉዞው ጠዋት እጁ መግል ቋጥሮ ነበር። በሻሽ ጠቅልሎ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀመጠ። አሰልጣኙ ሻሹን ፈታ አድርጎ አየና "በዚህ እጅ ምን ልታነሳልኝ ነው? ውረድ!" አለው። ልሸኘው የመጣሁትን እኔን በሱ ወንበር አስቀመጠኝ። በመስኮት ሳየው፣ እጆቹን መጨበጥ አቅቶት ዘርግቷቸው ቆሟል። ደብረ ብርሃን ላይ እኔም አላሸነፍኩም። እሱ በማግስቱ በዚያው እጁ ዶማ ያዘ፤ ሁለት ጣቶቹ ተቆልምመው ቀሩ።

ስፖርት ሰው ያደርጋል ይላሉ። ያደርጋል፣ አሰልጣኙ ሰው ከሆነ። እኔም ዛሬ አሰልጣኝ ነኝ፤ አንዳንዴ ስቆጣ የሚወጣው ድምፅ የዚያ ሰውዬ ይመስለኛልና ደንግጬ ልጆቹን አረፍ በሉ እላለሁ።

ጓደኛዬን ባለፈው ገበያ ላይ ሽንኩርት ሲያራግፍ አገኘሁት። እጄን ብዘረጋለት የእጁን አንጓ ሰጠኝ። "ጭቃ ነው ወንድሜ" አለኝ። ጭቃ አልነበረውም። አንጓውን ይዤ ቆየሁ።

"ጋሼ ደህና ናቸው?" አለኝ።

"ደህና ናቸው" አልኩት።

"አይ ጋሼ! መጀመሪያ የመረጡት እኮ እኔን ነበር" አለና ፊቱ በራ።