አናቱ የተበላው «ሸ»

የዚህ ታሪክ ሰዎች አራት ነን። ልጄ ሜሮን፣ መገናኛ አካባቢ ለካፌዎች ሜኑ የምትሠራ። ወይዘሮ አስካለ፣ ካራ ይኖሩ የነበሩ፣ ማንበብ የማይችሉ መበለት። አቶ ታደለ፣ ኮተቤ መንገድ ዳር ማመልከቻ መጻፊያ ቤት የነበራቸው። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ታይፒስታቸው።

ትናንት ሜሮን ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረች። የአንድ ካፌ ሜኑ ነው፤ ፊደሎቹ በአሮጌ የጽሕፈት መኪና የተመቱ እንዲመስሉ ሆን ተብሎ ተፋፍቀዋል። እንዲህ ያለ ፊደል ለመጽሐፍ ሽፋንም ለሠርግ ካርድም ይፈለጋል አለችኝ።

«አባዬ፣ ቪንቴጅ ነው። አያምርም?»

«ይሄ ‹ሳይ› ምንድን ነው?»

«ሻይ ነዋ! አናቱን ትንሽ ፋቅ አድርጌው ነው። ሰው ይገባዋል።»

አልሳቅሁም።

ታይፕ ማንም አላስተማረኝም፤ በራሴ ለምጄው እኮራበት ነበር። የአቶ ታደለ የጽሕፈት መኪና የ«ሸ» አናት ተበልቶበት «ሰ» እያደረገ ያወጣዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ሲያልቅ እያንዳንዱን «ሸ» ፈልጎ ጭረቱን በእስክሪብቶ መጨመር የእኔ ሥራ ነበር።

የዚያን ዓመት ሐምሌ ነው፤ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ወይዘሮ አስካለ ከካራ በጭቃ በእግራቸው መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ ትኩስ የገብስ ቆሎ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አፈሰሱልኝ። የሟች ወንድማቸው ልጆች ከግቢያቸው ሊያስወጧቸው ከሰዋቸዋል። «ሟች ወንድሜ ግቢውን በምስክሮች ፊት ለእኔ ሸጠ» ብዬ መታሁላቸው።

«ቶሎ በል ልጄ፣ የፍርድ ቤቱ በር ሊዘጋብኝ ነው!»

ቆሎውን እየቆረጠምኩ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። እስክሪብቶው ኪሴ ውስጥ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው፣ «ማመልከቻዎ ‹ሰጠ› ይላል፤ ምስክሮችዎ ‹ሸጠ› ይላሉ። የቱን እንመን?» አሏቸው። እኔም ተጠራሁ። አቶ ታደለ በር ላይ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«መኪናው ተበላሽቷል ብትል ነገ ማን ይመጣልናል? አፍህን ያዝ!»

ዳኛው ጠየቁኝ።

«ያሉኝን ነው የጻፍኩት» አልኩ።

ወይዘሮ አስካለ ዞር ብለው አዩኝ። «እኔ እንደሱ አልኩህ፣ ልጄ?»

ጭረቷን መርሳቴ ስህተት ነበር፤ ስህተት ማንም ላይ ይደርሳል። ያችን ዓረፍተ ነገር ግን አስቤ ነው የተናገርኳት። ልጆቼን ለትንሽ ውሸት ሁሉ ስቀጣ የኖርኩት ሰውዬ ይህ ነኝ።

ትናንት ይህን ሁሉ ለሜሮን ነገርኳት። ላፕቶፑን ከደነችው። «ሄደህ ይቅርታ ጠየቅሃቸው?» አለችኝ። አልሄድኩም ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ግቢያቸውን አጡ፤ ተከራይ ሆነው ሞቱ። ማመልከቻችን ሰው ግቢውን አሳጣ የሚለው ወሬ ካራና ኮተቤ ተዳርሶ የአቶ ታደለ ቤት ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። እኔ ከዚያ ወዲህ በካራ መንገድ አላልፍም። ሜሮን ደግሞ አባቷ አይዋሽም ብላ ነበር ያደገችው፤ እሱንም ትናንት አጣች።