በተሰበረው ዳታቤዝ ውስጥ የቀረው የልጄ ኢሜይል

ፀሐፊዋ የልጄን ኢሜይል እያነበበችልኝ መብራት ሄደ። «በባሕር ሊያሻግሩን ነው፤ ፈርቻለሁ፤ መጥተሽ ውሰጂኝ፤ ያለሁት ሀርጌሳ…» እንዳለች ስክሪኑ ጨለመ። ልጄ ሳትነግረኝ ከደላላ ጋር ከወጣች ወዲህ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም፤ ስልኳም ዝግ ነው። እኔ የኢሜይል አድራሻ ስለሌለኝ፣ ጅግጅጋ በማጸዳበት መሥሪያ ቤት በፀሐፊዋ በኩል ነበር የላከችው።

ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ኢሜይሉ ግን የለም። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል በሙሉ ጠፍቷል። ፀሐፊዋ ለባለሙያ ደወለች።

የኮምፒውተር ባለሙያው መጣና ኢሜይሉ የሚቀመጥበትን ሰርቨር ነካካ። ፀሐፊዋን ተቆጣት፦

«ዳታቤዝ ካልሆነ ብለሽ ያስጨነቅሽኝ አንቺ ነሽ!»

«ቶሎ ይፈልግልናል ያልከው ማነው ታዲያ?»

«ፈለገ እኮ! መጥፊያውን ፈለገ።»

እኔ ትምህርት ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። «አንተ ልጅ፣ ለኔም አስረዳኝ» አልኩት ባለሙያውን።

ድሮ እያንዳንዱ ኢሜይል የራሱ ፋይል ነበረው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። አሁን ሁሉም አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ መብራቱ ሲሄድ ማውጫው ስለተሰበረ የቱ የት እንዳለ አይታወቅም አለኝ።

«የማሽላ ጉድጓድ ነዋ» አልኩ። የጅግጅጋ ገበሬ ማሽላውን መሬት ውስጥ ይቀብራል፤ ውሃ ከገባበት ጉዱ ነው።

«ልክ ነሽ እትዬ። አሁን ቅዳሜ ያስቀመጥኩትን መጠባበቂያ ቅጂ እመልስበታለሁ።»

«የልጄ አለበት?»

«የሷ የዛሬ ነው፤ አይኖርም።»

«የተበላሸውስ?»

«ይደመሰሳል።»

ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። «አትነካውም! ጉድጓድ ውሃ ሲገባበት የሚበሰብሰው ዳር ዳሩ ነው፤ መሀሉ ይበላል። መሀሉን ሳታይልኝ አትወጣም።»

«ኧረ እትዬ፣ ኃላፊው እየጠበቀኝ ነው!»

«ይጠብቅ። እኔም እየጠበቅኩ ነው።»

ራሱን አከከ። የተበላሸውን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠና «ይሄ የፊደል ክምር ነው» አለ። «ልጅሽ ብቻ የምትጽፈው ቃል አለ?»

«ሆዮ» አልኩት። ከሶማሌ ልጆች ጋር ስላደገች እናትን እንደነሱ ነው የምትጠራው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ማንንም ሆዮ አይልም።

ልጄ የምትጽፈው በእንግሊዝ ፊደል ስለሆነ እንደዚያው ጽፎ ፈለገው። ቆየ። እኔ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። በኋላ «መጣ!» አለ። ግማሹ ተበልቷል። ፀሐፊዋ ከዝብርቅርቁ እየለቀመች አነበበች፦ «ሆዮ… ከግመል ገበያው ጀርባ… አረንጓዴ በር… ልብስ ሰፊ… ሐሙስ ያስወጡናል…»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ባለሙያው «ከነገ ጀምሮ እያንዳንዱ ኢሜይል ወደየፋይሉ ይመለሳል» ሲል እየሰማሁት ወጣሁ። ቤቴም አልገባሁ። በሚኒባስ ቶጎጫሌ ደረስኩ፤ ድንበሩን አልፌ በሌላ መኪና ረቡዕ ሀርጌሳ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ፣ ቀድመው ወስደዋት ቢሆንስ እል ነበር።

ከግመል ገበያው ጀርባ ልብስ ሰፊውን እየጠየቅኩ አረንጓዴውን በር አገኘሁት። በሩን የከፈተው ደላላ «እዚህ ሐበሻ ልጅ የለችም» አለኝ። ከውስጥ ግን የልጄን ለቅሶ ሰማሁ። ጮህኩ። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ሲወጣ ደላላው ፈርቶ ከበሩ ዞር አለ፤ ልጄ ሮጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

እጇን ሳልለቅ ድንበሩን ተሻገርን፤ ጅግጅጋ ገባን። ልጄ አጠገቤ ናት። ደህና ነን፤ ድነናል።