የጎመን ግዝት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጋሼ ዳኘውን የማያውቅ ሰው ካለ አላፊ አግዳሚ መሆን አለበት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህም ማስተማሩን ያልተዉ፣ ተማሪ ሲያጡ የባጃጅ ሹፌሩን፣ ዳቦ ሻጯን፣ በአጥር የምትጎራበታቸውን ሴት የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ሲሳይነሽ እባላለሁ። በመካከላችን ያለውን የቆርቆሮ አጥር ዝገት ስለበላው ከወዲያ የሚባለው ሁሉ ወዲህ ይሰማኛል። አንቱ እያልኩ የምጽፈው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ነው። ለሥራቸውማ ቢሆን አንተ ማለትም ይበዛባቸው ነበር።

ነገሩን ያመጣው ስልክ ነው። ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃቸው ሄቨን አዲስ ስልክ ስትገዛ አሮጌውን ለአባቷ ላከችላቸው። ጋሼም ቀን ከሌት ቪዲዮ ያዩ ጀመር። ከሁሉም ልባቸውን የሰረቀው አንድ ፂሙ ደረቱ ላይ የወረደ ፈረንጅ ነው፤ ከሱቅ ምንም ሳይገዛ፣ በጓሮው የበቀለውን ብቻ እየበላ ይኖራል። ጋሼ ስልኩን በአጥሩ ቀዳዳ አሾልከው፣ "ተመልከቺ ሲሳይነሽ! ኑሮ ማለት ይህ ነው! ቀላል፣ ንጹሕ፣ ራሱን የቻለ!" አሉኝ። እኔ የተመለከትኩት ከሰውየው ኋላ ጎንበስ ብላ የምትኮተኩተውን ሚስቱን ነው። እሳቸው እሷን አላዩዋትም።

ጓሮው እንኳ ድሮም ነበረ። ሚስታቸው የሻሽወርቅ እዚያ ቤት ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ ጎመኑን፣ ድንቹን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጤና አዳሙን ስታበቅል የኖረች ናት። የሰፈራችን ሴት ሁሉ ታበቅላለች፤ ለዚህ ብሎ ስም ያወጣ ግን አልነበረም። ጋሼ ስም አወጡለት፤ "ራስን የመቻል ኑሮ" አሉት። በየመደቡ ራስ ላይ በካርቶን "ጎመን"፣ "ድንች" ብለው ጽፈው ተከሉ፤ አንዱ ካንዱ እንዳይምታታባቸው ይመስለኛል። ቡሬ ድረስ በሚኒባስ ሄደው የቃሪያ ችግኝ፣ የውሃ ማጠጫና ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ገዝተው ተመለሱ። ምንም ላለመግዛት ሲባል የተገዛው ዕቃ ጉድ ነው። ሥራውንም ተከፋፈሉ፤ እሳቸው ያቅዳሉ፣ የሻሽ ትቆፍራለች፣ ፍግ ትበትናለች፣ ጠዋትና ማታ ከጉድጓዱ ውሃ በገመድ እየሳበች ታጠጣለች። ባርኔጣውን የሚያደርጉት ግን እሳቸው ናቸው።

ይህን ኑሮ የጀመሩት ዐቢይ ጾም በገባበት ሰኞ ነው። ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ከዚያ በኋላ ጎመን በድንች፣ ድንች በጎመን። ሥጋ አልተገዛ፣ ቅቤ አልተገዛ፣ ወተት አልተገዛ። ሆሳዕና ሲደርስ ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው፣ "አየሽ ሲሳይነሽ? ሁለት ወር ሙሉ ጓሯችን ቀለበን! ፈረንጁ እውነቱን ነው!" አሉኝ። ፍኖተ ሰላም በሙሉ ሁለት ወር ጎመን ስትበላ እንደከረመች ማን ይንገራቸው? ቄሱም፣ ነጋዴውም፣ ለማኙም ያንኑ ነው የበላው። ሰውየው ጾሙን ከምጣኔ ሀብት ጋር አምታተውት ቁጭ አሉ።

"እንጀራውስ ጋሼ? ጤፉ ከዚህ ጓሮ ነው የወጣ?" አልኳቸው።

"ጤፉ የሻሽ ወንድም ሰይፈ ከጅጋ የላከው ነው። አልተገዛም።"

"ሽሮውስ?"

"እሱም።"

"ዘይቱስ? ጨውስ?"

"አንቺ ደግሞ ነገር አታጥብቂ!" ብለው ስልካቸውን ከቀዳዳው ሳቡ።

በፋሲካ ጠዋት እንደ ልማዳችን እነሱ ቤት ሄጄ አብረን ፈሰክን። የሻሽ ያሳደገቻቸው ሁለት ዶሮዎች ነበሩ፤ ጋሼ ችግኝ ይጭራሉ ብለው ሁለቱንም አሳርደዋቸዋል። ጠላ ጠጥተዋል፣ ፊታቸው በርቷል። የዶሮውን እግር በእጃቸው እንደያዙ ተነስተው ቆሙና፣ "ከነገ ጀምሮ በዚህ ጓሮ ያልበቀለ ነገር በዚህ ቤት አይበላም! የዚህ ቤት ሰውም አፍ አይገባም! በማርያም ገዝቻለሁ!" አሉ።

በእኛ አገር በማርያም የተገዘተን ነገር አፍርሶ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው የለም፤ ግዝቱን ቄስ ካልፈታው በቀር እንደታሰረ ይቀራል። ቀና ብዬ የሻሽን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። ምን እንዳሰበች ወዲያው ገባኝ፤ የግንቦት ማርያም ማኅበር የሚወጣው በእሷ ነው።

ይህን ማኅበር ጠጥተው ያቆዩን እናቶቻችን ናቸው። በየወሩ በሃያ አንድ ተራ የደረሳት ትደግሳለች፣ ጽዋው ይቀዳል፣ ይጸለያል፣ ይበላል፣ ከዚያ ጽዋው ለቀጣይዋ ይሰጣል። የሻሽ የተቀመጠችው በእናቷ ቦታ ነው። አምና ተራዋ ሲደርስ እናቷ አርፈው ስለነበር ሌላ ሰው አወጣላት። ዘንድሮም ካላወጣች ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ ሥርዓቱ ነው፤ ለማንም አይታለፍም። እናቷ ደግሞ በመጨረሻ ያሏት ነገር "ማኅበሬን እንዳትተይ" ነው።

ባሏን ለመነቻቸው። "ለአንድ ቀን ያስፈቱልኝ፤ ማርያምን ላብላበት" አለች። ጋሼ ግን አቅደው ጨርሰዋል። ማኅበርተኛው ድንች ቅቅል፣ ጎመን ቅቅልና ዱባ ይቀርብለታል፤ ጌሾ በጓሮው ስለሌለ በጠላ ፋንታ ዳማ ከሴ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይጠጣል። ማኅበርተኛው ሁሉ ጉንፋን የያዘው መስሏቸው መሆን አለበት። "እመቤታችን ራሷ ናዝሬት ሳለች ዶሮ ወጥ ትበላ ነበር ወይ?" ብለው ጠየቋት። የሻሽ ናዝሬት ምን እንደሚበላ ስለማታውቅ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች።

ወደ ንስሐ አባቷ ወደ ቄስ ባምላኩ ሄደች። ቄሱ ዘንጋቸውን ይዘው ጋሼን ሊያነጋግሩ መጡ። ጋሼ ጓሮውን አስጎበኟቸው፣ ካርቶኑን አስነበቧቸው፣ ፈረንጁን አሳዩአቸው። ቄስ ባምላኩ በመጨረሻ አንድ እቅፍ ጎመን ይዘው ሲወጡ የሻሽን፣ "ልጄ፣ ያሰረው ራሱ ፍቱኝ ብሎ ይለምነኝ እንጂ እኔ በግድ አልፈታም" አሏት። እቅፉን ሳየው ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ።

የሻሽ እኔ ቤት መጥታ አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ ግን ነጠላዋን አጠበቀች።

"ገዘቱ አይደል? እንግዲያው እንደ ቃሉ ይሁን" አለች። ሄዳ የጤፉን ጆንያ ሰፋችው። ጤፉ የበቀለው ጅጋ ነዋ! ሽሮው ታሰረ፣ ዘይቱ ታሰረ፣ ጨውም ታሰረ፤ ጨው በጓሮ አይበቅልም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጋሼ ጨው የሌለው ድንች በጎመን ቀረበላቸው። የፋሲካ ሃምሳ ቀን አይጾምም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ፍኖተ ሰላም በቅቤ ስትርስ ጋሼ ዳኘው ድንች ይልጣሉ። ከጅጋ የመጣውን እንፍቀድ እንዳይሉ ቃላቸው በማርያም ወጥቷል፤ ቄሱን ልለምን እንዳይሉ ኩራታቸው አይፈቅድም። ቀበቷቸውን በምስማር ሲበሱት በቀዳዳው አይቻለሁ። የሻሽም ያንኑ እየበላች ከሳች፤ እሷ ግን ያን ሁሉ ውሃ እየሳበች ነው የከሳችው። ስታሳዝነኝ እንጀራ ባቀርብላት "ተገዝቻለሁ" ብላ አልቀምስም አለችኝ።

ድግሱን ግን ተያያዝነው። "አትብሉ ነው ያሉ፤ አታብሉ አላሉም። ጠላውን እዚህ ልጥመቅ?" አለችኝ። ሰይፈ ከጅጋ ገብሱንና ጌሾውን በአህያ ጭኖ እኔ ቤት አራገፈ። ጋኑ እኔ ቤት ታጠነ፣ ጠላው እኔ ቤት ተጠነሰሰ፣ ድፎው እኔ ቤት ተደፋ። ማኅበርተኞቹ ሁሉ ያውቃሉ። የማያውቁት ጋሼ ብቻ ናቸው፤ ሚስታቸው የት ውላ እንደምትመጣ ጠይቀው አያውቁምና። የጌሾው ሽታ አጥሩን ተሻግሮ ሲደርሳቸው እንኳ፣ "ሲሳይነሽ፣ ምን ደግሰሻል? ይህ ሁሉ ብክነት ነው" አሉኝ።

ግንቦት ሃያ አንድ ጠዋት የሻሽ የታዘዘችውን ድንችና ጎመን በትልቁ ድስት ቀቅላ፣ ዳማ ከሴውን ዘፍዝፋ፣ አግዳሚውን ደርድራ ወጣች። ጋሼ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ጓሮውን የሚያሳዩበት ቀጭን በትር ይዘው ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። ከቅዳሴ መልስ ማኅበርተኛው መምጣት ጀመረ። እያንዳንዱ "እንደምን አረፈዱ መምህር" ብሎ እጅ ነሥቶ እሳቸውን አልፎ እኔ ግቢ ይገባል።

"ኧረ በዚህ ነው! በሩ በዚህ ነው!" ይላሉ ጋሼ።

"እሺ መምህር፣ ይቆዩን" ይላል ሰዉ፤ ያልፋል። ቄስ ባምላኩም መጡ፤ እሳቸውም አለፉ።

ጸሎቱ ደረሰ፣ ጽዋው ተቀዳ፣ እልልታው ቀለጠ። የሻሽ ጎንበስ ቀና እያለች ሁሉንም አስተናገደች፤ ዶሮውን አወጣች፣ ዳቦውን ቆረሰች፣ ጠላውን ቀዳች። ለራሷ ግን አንዲት ጉርሻ አልቀመሰችም። በገዛ ድግሷ፣ በእናቷ ቦታ፣ ጦሟን ቆማ ታበላለች። ያንን ሳይ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አኖርኩት።

በዚህ መሃል ቀና ስል በአጥሩ ቀዳዳ አንድ ዓይን አየሁ። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ጠፋ፣ በሬም ተንኳኳ። ጋሼ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ሰዉ ብድግ ብሎ አስቀመጣቸው። ነገሩ ወዲያው ገብቷቸዋል፤ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው ከወጡ ላይ አልነቀል አለ። እጃቸውን ወደ መሶቡ ሰደዱ።

"መምህር፣ ግዝቱስ?" አሉ ቄስ ባምላኩ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ አፈር ለምነት፣ ስለ ዓለም የምግብ ሁኔታ፣ ስለ ሸማችነት ጀመሩ። ማንም አላቋረጣቸውም። ሰዉ እያላመጠ ያዳምጣል። ቃላቸው እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ አለቀ።

"ይፍቱኝ አባ" አሉ በመጨረሻ፤ ሊንበረከኩም ተነሡ።

"ይቀመጡ፤ ሃምሳው ሳይወጣ ስግደት የለም" አሉ ቄሱ። መስቀላቸውን አውጥተው ደገሙላቸው። "እግዚአብሔር ይፍታ። ቤተሰቡም አብሮ ተፈትቷል። የሻሽወርቅ፣ አንቺም ነይ ብዪ ልጄ።"

ጋሼ ቄሱ አፋቸውን ሳይዘጉ ጎርሰዋል። የሻሽ ግን ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

"እግዜር ይስጥልኝ አባ" አለች። "ግን አንድ ነገር ልናገር። እኔ የእናቴን ቦታ ላጣው ነው ብዬ ሳለቅስ ግዝቱን የሚፈታው ጠፋ። እሳቸው ሲርባቸው ዛሬውኑ ተፈታ። እርስዎም ለእኔ ብለው መጥተው ጎመን ይዘው ተመለሱ።"

ቄስ ባምላኩ ጢማቸውን ዳበሱ።

"በማርያም አልገዘትም፤ እኔ ግዝት አልወድም። ብቻ ከነገ ጀምሮ ውሃ አልስብም፣ አልቆፍርም። ጓሮው የእሳቸው ነው። ራሳቸውን ይቻሉ።"

ማንቆርቆሪያውን ለእኔ ሰጠችኝና በእናቷ ቦታ ተቀመጠች። እጇን ታጠበች። እንጀራውን ቆርሳ፣ ወጡን አጥቅሳ፣ ቀስ ብላ በላች፤ ሁላችንም እስክትጠግብ ጠበቅናት። እኔስ አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ። ከዚያ ተነሥታ ጽዋውን ለቀጣይዋ አስረከበች።

በማግስቱ የጉድጓዱ ገመድ ሲንቋቋ ሰማሁ። ጠዋት ተንቋቋ፤ ከዚያም "ወይ ወገቤ!" የሚል ድምፅ ተከተለ። ማታ አልተንቋቋም። ክረምቱ ገና አልገባምና ጎመኑ ባንድ ሳምንት ውስጥ ጠውልጎ ካርቶኑ ብቻውን ቆሞ ቀረ። የሻሽ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ ቀና ብላም አታየውም።

ቅዳሜ ጠዋት ዘንቢሌን አንስቼ ወደ ገበያ ልወጣ ስል ከአጥሩ ወዲያ ሳል ሰማሁ። ጋሼ ናቸው፤ አፋቸውን ቀዳዳው ላይ አስጠግተው፣ ሚስታቸው እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

"ሲሳይነሽ፣ ጎመን አሁን ስንት ገባ?"