አራት መቶ ግራም

እናቶቹ ከጀርባዋ «እንደገና» ይሏታል። ሕፃኑን መዝና ቁጥሩን ካነበበች በኋላ «እስቲ እንደገና» ሳትል የእድገት ካርዱ ላይ ነጥብ አታኖርም። ፊት ለፊት ግን ሲስተር ናት። በጤና ጣቢያው የሕፃናት መመዘኛ ክፍል ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ሠርታለች። ክፍሉ አንድ መስኮት፣ ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ አግዳሚ ወንበርና ከጣሪያ የተንጠለጠለ ባለ ጠቋሚ ሚዛን አለው። ሕፃናቱ ሰማያዊ የሸራ ሱሪ ይለብሱና ከሚዛኑ ሥር ይንጠለጠላሉ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አብዛኛው ግን ጩኸቱን ያቀልጠዋል።

አዲስ እናት ስትመጣ ካርዱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታስረዳታለች።

«እነዚህ የተጠማዘዙ መስመሮች ይታዩሻል? መቶ እኩያ ሕፃናትን ከቀላሉ ጀምረን በክብደት ብናሰልፍ፣ መሃል የሚቆመው እዚህ ላይ ይውላል። ይሄ የታችኛው ደግሞ ከመቶው ሦስተኛ የሚቆመው ነው።»

«የኔው ስንተኛ ወጣ ታዲያ?» ትላለች እናት፣ ልጇ ፈተና የተፈተነ ይመስል።

«ደረጃ አይደለም፣ የኔ እናት። ትንሽም ቢሆን የራሱን መስመር ይዞ ከሄደ እሰየው ነው። እኔን የሚያስፈራኝ መስመሩን ሲለቅ ነው።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ነገሩ የሆነው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ልጇን በየወሩ ታመጣ ነበር። ልጅቷ እስከ አምስተኛ ወሯ መሃለኛውን መስመር ሳትለቅ አደገች። በስድስተኛው ወር ግን ጠቋሚው ስድስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ላይ ቆመ፤ ያለፈው ወር የቆመበት ላይ። ሰልፉ ከበር ውጭ ወጥቷል። ሚዛኑም በዚያ ሳምንት እየያዘ አስቸግሯታል። ልጅቷ ድዷን እያሳየች ትስቅባታለች። «ይሄ ሚዛን ነው» አለች በሆዷ። ደግሞ ለመመዘን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እሷ ግን ነጥቧን መሆን ነበረበት ብላ ባሰበችው ቦታ፣ ሰባት ከሦስት መቶ ላይ አሳረፈቻት። መስመሩ ቀጥሎ ሲታይ ያምር ነበር።

በሚቀጥለው ወር ልብስ ሰፊዋ ቀረች። በሌላው ወር ብቻዋን መጣች። እንደማንኛውም ሰው ተራዋን ጠብቃ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይመለሳል መሰለኝ፣ ሲስተር።»

ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ ቀዳዳ ነበረባት አሉ። ሆስፒታል ስትደርስ ጊዜው አልፏል። ሲስተር ካርዱን ተቀበለች። ማንም አልጠየቃት፣ ማንም አልከሰሳት። ካርዱ ላይ ያለው መስመር የጤነኛ ልጅ መስመር ነው።

ካርዱን መዝገብ ቤት ማስገባት ነበረባት፤ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው። ልጅቷ ስምንት ወር በምትሞላበት ቀን አውጥታ በእርሳስ አንዲት ነጥብ አኖረች። በዘጠነኛውም ወር እንዲሁ። ልጅቷ በእርሳስ አደገች፤ ዓመት ሞላት፣ ሁለት ሞላት፣ ሦስት ሞላት። አምስት ዓመት ላይ የካርዱ ሣጥኖች አለቁ። ያን ዕለት ሲስተር አመመኝ ብላ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ ባሰባት። ቦርሳ ያዘለች ትንሽ ልጅ መንገድ ላይ ካየች በዓይኗ ትመዝናለች፤ ይህቺ ሃያ ኪሎ፣ ያቺ ሃያ ሁለት። «ምነው በሰው ልጅ ላይ ዓይንሽን እንዲህ ትተክያለሽ?» ትላታለች እህቷ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ብቅ አለች። የአራት ወር ወንድ ልጅ ታቅፋለች።

«ሲስተር፣ ያውቁኛል? ሰፈር ለቅቄ ነበር። ተመልሼ መጣሁ።»

«አውቅሻለሁ» አለች ሲስተር። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

እናቱ ከነበረችበት ሰፈር ባመጣችው ካርድ ላይ ልጁ በሦስተኛ ወሩ አምስት ኪሎ ተኩል ነበር። አሁን ጠቋሚው ከዚያ ሃምሳ ግራም ብቻ አልፎ ቆመ። አውርዳ መዘነችው፤ ያው ነው። ሚዛኑን በባለ ሁለት ኪሎ ድንጋይ ፈትሻ ለሦስተኛ ጊዜ መዘነችው። ነጥቡ ከታችኛው መስመር በታች ወደቀ። እዚያው፣ በወደቀበት ላይ በቀለም ጻፈችው። ከዚያ ሰልፉን ትታ ልጁን ራሷ ታቅፋ ወደ ዶክተሩ ክፍል ገባች።

ዶክተሩ ወጣት ነው። ልጁን አገላብጦ አየና «ሁለት ሳምንት እንጠብቅ፣ ሲስተር» አላት። «እንዴት እንደሚስቅ አያዩም?»

«ሳቅ አይመዘንም፣ ዶክተር። ልቡን ያዳምጡልኝ።»

አዳመጠ። «ልቡ ደህና ነው።»

«እንደገና።»

ዶክተሩ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ደግሞ አዳመጠ። ልቡ ደህና ነው። ከዚያ ግን ምን እንደታየው እንጃ፣ ሽንትና ደም እንዲመረመርለት አዘዘ።

ውጤቱን ሲጠብቁ ኮሪደሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ተኝቷል። ሲስተር እጆቿን አጣምራ፣ ወለሉን እያየች ሁሉንም ነገረቻት። የልጅቷን የመጨረሻ ክብደት፣ የጻፈችውን፣ በእርሳስ ያኖረቻቸውን ነጥቦች። ስድብ ጠበቀች። ጥፊም ጠበቀች።

ልብስ ሰፊዋ ልጇን አስተካክላ አቀፈችው።

«እኔም አይቼዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ጠቋሚውን። እኔ እኮ ሜትር ሳነብ የምውል ሰው ነኝ፣ ሲስተር። ስድስት ከዘጠኝ መቶ ይል ነበር። እርስዎ ሰባት ከሦስት መቶ ሲጽፉ ደስ አለኝ። ወስጄ ለአባቷ አሳየሁት፤ እያት እንዴት እንደወፈረች አልኩት። ጡት ስትጠባ እንደሚያልባት አውቅ ነበር። ዝም አልኩ።»

«ይቅር በይኝ።»

«እኔንስ ማን ይቅር ይበለኝ?»

የላቦራቶሪው ባለሙያ በመስኮቱ ብቅ ብሎ እስኪጠራቸው ድረስ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ሲያዩ ቆዩ።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ሆስፒታል ተላከ፣ ታከመ፣ ዳነ። በሁለት ወር ውስጥ ነጥቦቹ ከታችኛው መስመር በላይ ወጡ፤ እዚያው ከትንንሾቹ ተርታ ቢሆንም መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ልብስ ሰፊዋ አንድም ወር አትቀርም። ስለ ክብደትና ስለ ጥርስ ያወራሉ፤ ስለዚያ ቀን ግን ደግመው አላነሱም።

ሲስተር ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገረችው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ሰባት ዓመት ያለፈ ነገር ምን ይሁን ልበልሽ?» አላት። ቁጥሩን በቀይ መብራት የሚያሳይ ሚዛን አስገዛላት። ማንም ሊሳሳት አይችልም አለ።

እሷ ግን አንዳንድ ቀን አንድ ጤነኛ ሕፃን ልክ በተጠበቀው ክብደት ላይ ሲያርፍ እጇ ካርዱ ላይ ይቆማል። ቁጥሩ የሚዛኑ ይሁን ወይስ የሷ ምኞት፣ መለየት ያቅታታል። ያኔ እስክሪብቶዋን ታስቀምጥና እናትየዋን ወደ ሚዛኑ ትጠራታለች።

«ነይ፣ አንቺ አንብቢልኝ» ትላታለች። «ጮክ ብለሽ።»