ያልሻርነው ውሳኔ

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ርዕሰ መምህራችን ሁለት ነገር ጠየቁኝ። አንደኛው፣ ግቢያችን ውስጥ ሾላው ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ እንደ ሌላው ትምህርት ቤት ለምን እንደማይደወል ነው። ሁለተኛው፣ እኔ በማስተምረው ስምንተኛ ክፍል አንድ ቀን እንኳ ተገኝታ የማታውቅ ልጅ ስም በየጠዋቱ ለምን እንደሚጠራ። "ነገ እነግርዎታለሁ" አልኳቸው። ፊት ለፊት ማውራት ስለማይሆንልኝ ይኸው ጻፍኩት። ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ አንድ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ፣ እዚሁ ሐይቅ ከተማ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ የወላጅ መምህር ኅብረቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረጉኝ። ለዓይን አፋር ሰው የሚመች ሥራ ነው፤ ሌላው ሲናገር ማቀርቀር ይፈቀዳል። የለውጡ ሰሞን በኅብረቱ ስብሰባ የሚወራው ስለ አዲስ መጽሐፍና ስለ ቤተ መጻሕፍት ነበር አሉ። እኔ የደረስኩት ግን ጦርነቱ ከሰሜን በኩል ሲቀርብ ነው፤ አጀንዳውም አንድ ብቻ ሆኖ ነበር። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሳሉ ቢደርስብንስ?

ሰብሳቢው ጋሽ ይማም መንገድ ዳር ጨርቅ የሚሸጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቸርኬው ከእንግዲህ ለትምህርት እንዳይደወል፣ የተደወለ ቀን ግን ሰው ሁሉ ወደ ሐይቁ ወርዶ ዳር ያለው ረጅም ደንገል ውስጥ እንዲደበቅ ሐሳብ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው።

"ማንም ቢጣራ እንዳትመልሱ" አሉ። "በስማችሁ ቢጠሯችሁም።"

"የገዛ እናቴ ብትጠራኝስ?" አለ አንድ መምህር እየቀለደ።

"እናትህንም አስገድደው ሊያስጠሯት ይችላሉ።"

በጥሩ ጽሑፌ ጻፍኩት፤ ሁሉም ፈረሙ።

ቸርኬው የተደወለው ማሽላ አጨዳ ላይ ነው። እስከ ወገባችን ውኃ ውስጥ ቆመን ዋልን። አጠገቤ የነበረችው እትዬ ከድጃ ነበረች፤ አሳ ነጋዴ፣ የኅብረቱም አባል። በሩጫው መሀል የአራተኛ ክፍሏ ልጇ ሰዓዳ ከእጇ አምልጣታለች። "ሰዓ…" ብላ ስትጀምር ሁለት ሴቶች አፏን ያዟት። አንዷ እኔ ነበርኩ።

ከደንገሉ ስንወጣ ሰዓዳ የለችም። ሐይቁን በታንኳ አሰሱት፤ ምንም አልተገኘም። ወደ ደሴ በሚሸሹ ሰዎች መኪና ላይ አይቻታለሁ ያለም ነበር፤ እሱም ቆይቶ "እሷ ትሁን ሌላ አላውቅም" አለ።

ጦርነቱ ሲርቅልን፣ በጥር ብርድ፣ እንደገና ተሰበሰብን። ወንበሩ ለማገዶ አልቆ ስለነበር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የቀድሞው ርዕሰ መምህር አልተመለሱም፤ በምትካቸው ከሌላ ወረዳ የተዛወረ ወጣት መጥቷል። አንዱ አባል የደንብ ልብስ ያላሟላ ተማሪ አይግባ ብሎ ሲከራከር አንዲት እናት ተነሣች።

"ወላሂ አታፍርም! ልጄ ቆሎ ቆርጥማ ነው የምታድር፣ አንተ የሸሚዝ ቀለም ትመርጣለህ!"

እትዬ ከድጃ መጨረሻ ላይ ተናገረች። "የልጄን ስም እንዳትሰርዙብኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።"

"አብሽሪ ከድጃ፣ አይሰረዝም" አሉ ጋሽ ይማም። ያንንም ጻፍኩ።

ገጹን ወደ ኋላ ስገልጥ የቸርኬው ውሳኔ ታየኝ። አልተሻረም። እጄን አነሳሁ፤ ግን እስከ ትከሻዬ ብቻ ነው ያነሳሁት። ጋሽ ይማም ወደ ሌላ ሰው እያዩ ነበር። ቀስ ብዬ አወረድኩት። ትምህርት ሰኞ ይጀመር ተባለና ተፈረመ።

ሰኞ ጠዋት ስም ለመጥራት ላግዝ መጣሁ። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል፤ አምባሰል አናቱ ብቻ ይታያል። የግቢውን በር ሳልፍ ወጣቱ ርዕሰ መምህር ሾላው ሥር ብረት ይዞ ቆሟል። እኔ አፌን ስከፍት እሱ መታው። ሦስት ጊዜ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጸጥታ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ወደ መንገዱ ወጣሁ። ባጃጅ ሞተሩ እየሠራ ሹፌር የለውም። ከልብስ ሰፊው መኪና መርፌ ሥር አንድ እጅጌ ተንጠልጥሏል። የተደፋ ቅርጫት አጠገብ አንድ አሳ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በሮቹ ሁሉ ክፍት ናቸው፤ ሰው የለም።

"ሰዉ የት ገባ?" አለኝ ርዕሰ መምህሩ፤ ብረቱን እንደያዘ ተከትሎኝ ወጥቷል። ነገርኩት።

"ታዲያ ሂጅና ጥሪያቸው!"

"አይመልሱም።"

"በምን አወቅሽ?"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

የስም መጥሪያውን መዝገብ እንደያዝኩ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ነፋስ የለም፤ ግን የደንገሉ ጫፍ እዚህም እዚያም ይንቀጠቀጣል። የሰፈሬ ሰው ሁሉ ከዚያ ውስጥ እያየኝ ነው፤ አንድ ሕፃን እንኳ አያስልም። ውኃው ይበርዳል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፈገ ይሰምጣል። "ውጡ! ትምህርት ነው እኮ!" ብዬ ጮህኩ። "ማንም አላስገደደኝም!" አልኩ። የተገደደ ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሌላ ነገር ሲጠፋኝ መዝገቡን ከፈትኩ።

"ሀዋ ሰይድ።" ዝም።

"መሠረት ታደሰ።" ዝም።

"ሙሐመድ አሊ።"

"አለሁ!" አለ አንድ ትንሽ ድምፅ፤ ወዲያው አፉ ሲታፈን ተሰማኝ። ልጅ ስሙ ሲጠራ ምን ያድርግ? ከሌላ ቦታ አንድ "አለሁ" መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ምልክት አደረግሁ። ትልቅ ሰው ግን አልወጣም።

"ሰዓዳ እንድሪስ" አልኩ፤ መዝገቡ ላይ ስላለች ነው እንጂ አስቤ አይደለም።

"አለሁ።"

የመጣው ደንገሉ ካለቀበት፣ ጥልቁ ውኃ ካለበት በኩል ነው። የሚጮህ ድምፅ አልነበረም፤ ያረፈደች ተማሪ እንደምትመልሰው ያለ ነው። እጄ ምልክቱን አደረገ። ደንገሉ ተሰነጠቀና እትዬ ከድጃ ወጣች፤ "ሰዓዳ! ሰዓዳ!" እያለች ወደ ጥልቁ ሄደች። ያን ቀን አፏን የያዘ የለም። ውኃው ደረቷ ሲደርስ ጋሽ ይማም ዘለው ያዟት፤ ሌሎቹም እሷን ለመያዝ ከየተደበቁበት ወጡ። እንዲህ ሆኖ ሰው ሁሉ ወጣ። ሰዓዳ ብቻ አልወጣችም።

ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ለቀረ ጓደኛ መመለስ ልማዳቸው ነው። "ወላሂ እኔ አይደለሁም" አሉ ሁሉም። ጋሽ ይማም ጋቢያቸውን እየጨመቁ፣ "ሰኞ ይጀመር ያልኩት እኔው ነኝ" አሉ። "ጭንቅላቴ ያውቃል። እግሬ ግን ስብሰባው ላይ አልነበረም።"

ልብሳችን ሳይደርቅ ሾላው ሥር ተሰበሰብን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በጉባኤ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ያ ውሳኔ ተሻረ፤ ቸርኬውም ከዚያ ወዲያ እንዳይነካ፣ ልጆቹ በየጠዋቱ በር ላይ በስማቸው እንዲጠሩ ተወሰነ። ያቺን አንዲት ምልክት ግን አልሰረዝኳትም።

ሰዓዳ ከእኩዮቿ ጋር ክፍል ስትዛወር ቆይታ ዘንድሮ ስምንተኛ ደርሳለች። ከዚህ በላይ እኛ ጋ ክፍል የለም፤ ስሟ ምን ይሁን የሚለው ሐሙስ በኅብረቱ ስብሰባ ይታያል። እጄን ከራሴ በላይ አነሳለሁ፤ ምን እንደምል ገና አላውቅም። እስከዚያው በየጠዋቱ ስሟን እጠራና አንድ ትንፋሽ ያህል እጠብቃለሁ። በዚያ ሰዓት እትዬ ከድጃ አሳዋን ይዛ ከአጥሩ ውጭ ትቆማለች። አሁን አፏን የሚይዝ የለም፤ እሷ ግን አትጣራም። መጥራቱን ለእኔ ትታልኛለች።