አለቀ ማለት ያቃተኝ ጧት

በድርቁ ዘመን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መጠለያ አስተርጓሚ ሆኜ የገባሁ ቀን፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ደብተሬን አገላብጦ «ግጥም ነው እንዴ? እዚህ የሚፈለገው እንግሊዝኛ ነው» አለኝ። እንግሊዝኛውን ለብቻዬ የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ የሰዋስው መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ ሰላምታ ያውቃል፤ የመጠለያ ነገር አያውቅም።

ሥራዬ ከፈረንጇ ነርስ ጎን ቆሜ የምትለውን ለተሰለፉት መናገር ነው። ሲስተር እንላታለን። ያን ቀን ብዙ ተናገረች፤ እኔ «ልጆቹን እጠቡ ትላለች» ብዬ አሳጠርኩት። ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ «አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ተናግራ ለኛ ይችን ብቻ? ሌላውን መንገድ ላይ በላኸው?» አሉ። የመሳቅ ጉልበት ያለው ሳቀ።

«ራን አውት» የሚለውን እንግሊዝኛ ያስተማረችኝ ሲስተር ናት። ባዶ የሳሙና ካርቶን ገልብጣ አሳየችኝ። ለዱቄት ይባላል፣ ለመድኃኒት ይባላል፣ ለጊዜም ለትዕግሥትም ይባላል። «ግን መጀመሪያ የነበረ ነገር መሆን አለበት» አለች። ደብተሬ ላይ «አለቀ» ብዬ ጻፍኩ።

መጻፉ ቀላል ነው። በእኛ አገር እህል አለቀ አይባልም። እናቴ ማድጋው ተሟጦ እንኳ «በረከተ» ነበር የምትለው፤ አለቀ ያለ ልጅ አፉን ይመታ ነበር።

አንድ ጧት ሲስተር ጣሳውን ገልብጣ «ራን አውት» አለችኝ። የሕፃናቱ ወተት ነው። ለሳምንት አይመጣም። ዱቄት ያራገፈው ካሚዮን ባዶውን ወደ ደሴ ይመለሳል፤ የደከመ ልጅ የያዘች ሁሉ አሁኑኑ ትሳፈር፣ ወተት እዚያ አለ፤ ይህን ንገራቸው አለችኝ።

ከፊት የቆመችው ዘሃራ ነበረች፤ ልጇን መሐመድን አዝላ ከአምባሰል ሁለት ቀን በእግሯ የመጣች። ዓይኗን አየሁና ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። «ለዛሬ ይብቃን፤ ነገ ኢንሻአላህ» አልኩ። «ደሴ የምትሄዱ ካላችሁም መኪና አለ።»

«ነገ ካለማ ምን አንከራተተኝ፣ ወንድምዓለም» ብላ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተቀመጡ። ካሚዮኑ ሦስት እናቶች ብቻ ጭኖ ሄደ።

ሲስተር «ነግረሃቸዋል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

በማግሥቱ ወተት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን መሐመድን ከሐይቁ በላይ ቀበርነው። ዘሃራ አላለቀሰችም። «አለቀ ብትለኝ እኮ እሄድ ነበር» አለች።

ወተቱ በሳምንቱ መጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አስተረጎምኩ። ለአዲስ አስተርጓሚ የምነግረው አንድ ነገር ነው፤ ያለቀውን አለቀ በል። መኪናው ሳይነሳ በል።