አንድ ጭልፋ ውሃ

ዛሬ ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች ሰፈር ባስ ስጠብቅ ዝናብ የመታው ጥድ ሸተተኝና እናቴ ትዝ አለችኝ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ቤታቸው እየሄደች የምትንከባከባቸውን ጃፓናዊት ባልቴት ይዘን፣ ከሲያትል ወጣ ብሎ የጥድ ጫካ ውስጥ ወዳለው የጃፓኖች የጥንት እምነት፣ የሺንቶ ቤተ መቅደስ ሄድን። መግቢያው ላይ ውሃ የሞላ የድንጋይ ገንዳ አለ። ባልቴቷ እንደ ሥርዓታቸው በእንጨት ጭልፋ ቀድተው ግራ እጃቸውን፣ ቀኝ እጃቸውን፣ ከዚያ አፋቸውን ታጠቡና ጭልፋውን ለእናቴ ሰጧት። እሷ ግን ሞልታ ቀዳችና ሻርፗን አውልቃ፣ አጎንብሳ ለእኔ ዘረጋችልኝ።

«በይ እንደ ጠበል አናቴ ላይ አፍስሺልኝ።»

«ማሚ፣ ፕሊስ! ይሄ ቸርች አይደለም። ሰው እያየን ነው።»

«ቤቱ የእነሱ ነው፤ ውሃው ግን የእግዜር ነው ልጄ።»

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቀና አለችና ውሃውን ቀስ አድርጋ ጠጠሩ ላይ ደፋችው።

ጡቷ ላይ እብጠት ማግኘቷን ያን ጊዜ ለማንም አልተናገረችም። እኛ የሰማነው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ለሚቀጥለው ፋሲካ አልደረሰችም።

ነግራኝ ቢሆን አፈስላት ነበር? እንጃ።

ባሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። እንደዚያን ቀን እጄን ከኪሴ ሳላወጣ፣ ሳልሳፈር አሳለፍኩት።